ስምንተኛው የእንጨት ራስ

ወደ ባርኔጣ ሰፊው ሱቅ የገባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው ባርኔጣ ሳይሆን ራስ ነበር። ግድግዳው ላይ በተመታው ረጅም መደርደሪያ አሥራ ሁለት የእንጨት ራሶች ከትንሽ እስከ ትልቅ ተሰልፈው ቆመዋል። ዓይን የላቸው፣ አፍንጫ የላቸው፣ ጆሮ የላቸው። አናታቸው ግን የስንት ዘመን እጅ ስለዳበሰው አዲስ እንደተላጨ ሰው ራስ ያብለጨልጫል። ባርኔጣ ሰፊው ጠዋት በሩን እንደከፈተ ለስላሳ ጨርቅ ይዞ አንድ በአንድ ይወለውላቸዋል፤ ደስ ያለው ቀን «እንዴት አደራችሁ» ይላቸዋል። ስምንተኛው ጋ ሲደርስ እጁ ትንሽ ይቆያል። ስምንተኛው የታላቅ እህቱ ልክ ነው።

የሰፈሩ ሰው «ጋሼ ሜትር» ነው የሚለው፤ የመለኪያው ሜትር ከአንገቱ ወርዶ ስለማያውቅ። አንድ ቀን ጥርሱን አሞት ሄዶ ሐኪሙ «ይህን ነገር ካላወለቁልኝ አፍዎን አላይም» አለው እየተባለ ይወራበታል። እሱም ሐሰት ነው ብሎ አያውቅም።

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ ጥቂት ነገር ብቻ የሚናገሩ፣ የተናገሩትን ግን የማይመልሱ ሰው ነበሩ። የእንጨት ራሶቹን ጠርበው ያወረሱትም እሳቸው ናቸው። «ራስ ሲለካ ባዶ ይሁን» ይሉ ነበር። ከጆሮ ጀርባ የተሰካ እርሳስ ይውጣ፣ የፀጉር መያዣ ይፈታ፣ መነጽር ይውለቅ። ባርኔጣ ሰፊው ይህን ቃል በአሥራ አራት ዓመቱ ሰማ፤ በአምሳ ዓመቱም እንደሰማው ይሠራበት ነበር። ሰው ገብቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ጨርቅ የተነጠፈባት ትንሽ የቆርቆሮ ትሪ ያቀርብለትና «መነጽርዎን ያውልቁ» ይለዋል። አባባሉ ለስለስ ያለ ስለነበር ደንበኛው እንደ ክብር ይቆጥረዋል እንጂ እንደ ትእዛዝ አይሰማውም።

ደንበኞቹ ባርኔጣው ተሰፍቶ ሊሞክሩት ሲመጡም መነጽራቸውን መልሰው ትሪዋ ላይ ያኖራሉ። ከዚያ በትልቁ መስታወት ፊት ይቆማሉ። ዓይናቸውን ጠበብ፣ አንገታቸውን ሰገግ ያደርጋሉ። መስታወቱ ውስጥ የሚታያቸው ጉም የመሰለ ነገር ነው።

«እንዴት ነው?» ይላቸዋል።

«ቆንጆ ነው» ይላሉ፤ ሌላ ምን ሊሉ።

ከዚያም ባርኔጣውን በወረቀት ከረጢት፣ መነጽሩን በዓይናቸው አድርገው ይወጣሉ። ሁለቱ ዕቃዎች ከበር ውጭ እንደሚገናኙ፣ ሲገናኙም እንደሚጣሉ በሠላሳ ስድስት የሥራ ዓመት አንድ ቀን አላሰበም። እሱ ራሱ መነጽር ያለው ለመርፌ ብቻ ነው፤ በክር አንገቱ ላይ ከሜትሩ ጋር ያንጠለጥለዋል። ባርኔጣ ደግሞ አያደርግም። ሥራ ላይ ሲያጎነብስ ይወድቅበታል፣ ከሱቅም ብዙ አይወጣም።

እህቱን «እታለም» ነው የሚላት። በአምስት ዓመት ትበልጠዋለች፤ አባታቸው ሲሞት ትምህርቷን አቋርጣ የከተማው ችግኝ ጣቢያ የተቀጠረችው እሱ ሙያ እንዲማር ነበር። ስለዚህ ነገር በመካከላቸው ተወርቶ አያውቅም። እሱ ግን የመጀመሪያውን ሙሉ ባርኔጣ፣ ገና እጁ ሳይፈታ የሰፋውን፣ ለማንም ሳይሆን ለሷ ነው ይዞ የሮጠው። ከዚያ ወዲህ እታለም የሌላ ሰው ባርኔጣ ራሷ ላይ አድርጋ አታውቅም። ችግኝ ጣቢያው ጥላ የለሽ ሜዳ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በመደቦቹ መካከል ጎንበስ ብላ አረም ትነቅላለች፣ ቡቃያ ታሳሳለች፣ የደረሰውን አፈር ወደ ተሞላ ላስቲክ ታዛውራለች። ባርኔጣዋ በሷ ላይ እንደ ጣሪያ ነው።

ደግሞ አንድ ልማድ ነበራት። ሰው ባገኘች ቁጥር እጇን ወደ ባርኔጣዋ ትሰድና በጎን በኩል ብድግ አድርጋ መልሳ ታስቀምጠዋለች። ሰው ባይኖርም አንዳንዴ ታደርገዋለች። የሰፈሩ ሰው «የድሮ ሰው ጨዋነት» ይለዋል። ወንድምየውም ደስ ይለው ነበር፤ ባርኔጣዋን እንደምታከብረው ቆጠረው።

በየዓመቱ ችግኝ የሚወጣበት ወራት ሲቃረብ ባርኔጣዋን ለእድሳት ታመጣለታለች። እሱም ይገለብጠዋል። በውስጥ ዙሪያውን ላብ እንዲይዝ የተሰፋው ጥብጣብ፣ ልክ ከጆሮዎቹ በላይ፣ በግራም በቀኝም የጣት ርዝመት ያህል ተቀዶ ያገኘዋል። በየዓመቱ እዚያው ቦታ።

«እታለም፣ ይሄን ነገር የት ነው የምትሰቅዪው?»

«ከበሩ ጀርባ።»

«ሚስማር ላይ ነዋ።»

«ይሆናል» ትለዋለች፤ ሻይዋን እየጠጣች።

«ሚስማር ሸራ ይበላል። ስንት ጊዜ ልንገርሽ?»

«እሺ ማሙሽ።»

ሃምሳ ዓመት ሞልቶትም ማሙሽ ነው። ደንበኛ ፊት እንኳ ማሙሽ ነው። እሱም ቅዶቹን በድርብ ክር አጥብቆ ይሰፋቸዋል። አምና ደግሞ ተናደደና ከሥር ቀጭን ቆዳ ጨመረበት። «አሁን ሚስማርሽ ይሞክራት» አላት። እታለም ባርኔጣውን ተቀበለች፣ አገላብጣ አየችው፣ ቆዳውን በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አድርጋ ሞከረችና «ጠንክሯል» አለች። እሱ ምስጋና መሰለው።

በዚህ ዓመት ግን ነገር ተለወጠ። የእታለም ዓይን ሞራ ለብሶ ስለነበረ ሁለቱም በየተራ ተሠሩ። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለፈ። ሐኪሟ ሁለት ነገር አጥብቃ ነገረቻት፤ የታዘዘላትን ወፍራም መነጽር ከዓይኗ እንዳትለይ፣ ደግሞ ያለ ጥላ ፀሐይ ላይ እንዳትቆም። የድሮ መነጽሯ ክንዱ እንደ ሽቦ የቀጠነ ነበር። አዲሱ ብርሃን በጎን እንዳይገባ ተብሎ ክንዱ የጣት ወርድ ያህል ሰፊ ሆኖ ተሠርቷል።

እታለም ከእረፍት ወደ ሥራ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ሳይሞላ ራሷን ይዛ ወደ ቤት ገባች። በማግስቱም እንዲሁ። የችግኝ ጣቢያው ኃላፊ ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እሷም ብትሆን በእታለም እጅ ሥራ የለመደች ናት። ግን ቡቃያ አይጠብቅም።

«እትዬ፣ ችግኙ የሚወጣው የዛሬ አሥራ አምስት ቀን ነው» አለቻት። «እስከዚያ ፀሐዩን ከቻሉት መደቦቹ የእርስዎ ናቸው። ካልቻሉት መጋዘን ውስጥ ቀላል ሥራ አለ፤ ላስቲክ መለየት፣ ምናምን። ጥላ ነው፣ ወንበር አለው።»

እታለም ይህን ለወንድሟ የነገረችው የልብስ ቁልፍ እየተከለች ነው፤ ቀና ሳትል።

«ታዲያ ወንበር ያለው ሥራ ምን ክፋት አለው?» አላት።

«መጋዘኑ መስኮት የለውም።»

«ዓይንሽ ያርፋል።»

«ማሙሽ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት ቡቃያ ሲወጣ አይቻለሁ። ዓይኔን ያሠራሁት ላስቲክ ላይበት ነው?» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አንዴ መጋዘን የገባ አሮጌ ተመልሶ አይወጣም። እዚያው ከባልዲዎቹ ጋር ይቆጠራል።»

ባርኔጣ ሰፊው ይህንን ሰምቶ ዝም አላለም። ጥፋቱ የፀሐይ ነው ብሎ ደመደመ፤ ፀሐይን ደግሞ የሚመክተው እሱ ነው። ከዚህ በፊት ሠርቶት የማያውቅ ባርኔጣ ሊሠራላት ቆረጠ። በማግስቱ ወንበሩ ላይ አስቀመጣትና ትሪዋን አቀረበ።

«መነጽርሽን አውልቂ።»

አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈት አደረገች። ከዚያ ተወችውና አወለቀች።

አምስት ቀን ሠራበት። ድርብ ሸራ፣ ሰፊ ክፈፍ፣ ከፊት ግንባርን አልፎ ወደ ቅንድብ ዝቅ የሚል፣ ነፋስ እንዳይወስደው ዙሪያውን ጥብቅ ያለ። በስምንተኛው ራስ ላይ ጎትቶ ሲያስቀምጠው እንደ ቆዳ ልክክ አለ። እታለም መስታወቱ ፊት ቆማ ዓይኗን ጠበብ አደረገችና «ቆንጆ ነው» አለች። ይዛው ሄደች። እሱም ያን ቀን እያፏጨ ሲሠራ ዋለ፤ ጎረቤቱ ጫማ ሰፊ «ጋሼ ሜትር ዛሬ ምን አገኘ?» እስኪል ድረስ።

በማግስቱ የዓይን ጠብታዋን ሱቁ ረስታው እንደሄደች አየ። ጠብታው በሰዓቱ መግባት ስላለበት ሱቁን ቆልፎ ወደ ችግኝ ጣቢያው ወጣ። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነው። ከአጥሩ ሽቦ ውጭ ሆኖ ገና ሳይጠራት አያት።

እታለም አንድ መደብ ዳር ተንበርክካለች። አዲሱ ባርኔጣ ራሷ ላይ ነው፤ መነጽሯ ግን ኪሷ ውስጥ። አፈሩን በጣቷ እየዳበሰች ትነቅላለች፣ የነቀለችውን ወደ ፊቷ አስጠግታ ታየዋለች፣ ከዚያ ፈጥና መልሳ ትተክለዋለች። ትንሽ ቆየችና ባርኔጣውን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አኖረችው፤ መነጽሩን አደረገች። አሁን እጇ ፈጠነ፣ አረሙን ከቡቃያው እየለየች ታወጣ ጀመር። ግን ፀሐዩ ፊት ለፊት ነው። እንባዋ ይወርዳል፤ በክንዷ ትጠርገዋለች። ጥቂት ታገሠችና መነጽሩን አወለቀች፣ ባርኔጣውን አደረገች። እንደገናም ለወጠች። ሁለቱን አንድ ላይ አንድ ጊዜ ሞከረቻቸው፤ ጎንበስ ስትል ዝቅ ያለው ክፈፍ የመነጽሩን አናት ገፋውና መነጽሩ አፍንጫዋን አልፎ መደቡ ላይ ወደቀ። አነሣችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ዙሪያዋን ማንም እንዳላያት ቃኘች።

ባርኔጣ ሰፊው በበሩ ዞሮ ገባ። ውሃ የሚያጠጣው አትክልተኛ ቀድሞ አየው።

«ጋሼ ሜትር፣ እንኳን መጣህ። እህትህ ዛሬ ጠዋት አርባ ችግኝ ነቅላልናለች፤ አረሙን ግን በክብር አልፋዋለች።»

«ዝም በል አንተ» አለችው እታለም። ከዚያ ወንድሟን አየች። «ምን እግር ጣለህ?»

«ጠብታሽን ረሳሽ።»

«አኑረው እዚያ።»

«ባርኔጣው ለምን ጉልበትሽ ላይ ተቀመጠ?»

«ሞቀኝ።»

«በየጎኑ መተንፈሻ ሠርቼለታለሁ እኮ።»

«ሞቀኝ አልኩህ፣ ማሙሽ።»

አልሄደም። አትክልተኛው የውሃውን ቱቦ እየጎተተ ወደ ሌላው ጫፍ ራቀላቸው። እታለም የወንድሟን ፊት ለጥቂት ጊዜ አየችና «ና ቁጭ በል» አለችው፤ ከመደቡ ዳር ወዳለው የተገለበጠ ባልዲ እያመለከተች። እሱ ሲቀመጥ ፀጉሯን ገለጥ አድርጋ ጆሮ ግንዷን አዞረችለት።

«ዳብሰው።»

ዳበሰው። ከጆሮዋ በላይ ጣት የሚያስቀምጥ ስርጉድ ነበር፤ ዳር ዳሩ ቀልቷል። በሌላኛው በኩልም አለ። መነጽሩ ከታች፣ ባርኔጣው ከላይ ሆነው የተጫኑት ቦታ ነው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«መነጽር ካደረግሁ ጀምሮ።»

«አሥራ አንድ ዓመት?»

«ያኔ ቀጭን ስለነበር ይቻል ነበር። ይሄኛው ግን ራስ ምታቱ ጥርሴ ድረስ ይዘልቃል።»

ባርኔጣ ሰፊው ስርጉዱን ዳበሰ፤ ጣቱ እዚያው ቀረ። ይህን ቦታ ያውቀዋል። ልክ ከጆሮ በላይ፣ በግራም በቀኝም፣ የጣት ርዝመት ያህል።

«ያ ቅድ...» አለ።

«ማን መሰለህ? አይጥ?»

«ሚስማር ነው ብለሽኝ።»

«ሚስማር ያልከው አንተ ነህ። እኔ ይሆናል ነው ያልኩህ» አለችና ፈገግ አለች። «በጥፍር መቀሴ ነበር። ለመነጽሩ ክንድ መተላለፊያ ስከፍትለት፣ አንተ በዓመቱ ትደፍነዋለህ። እኔ እቀዳለሁ፣ አንተ ትሰፋለህ። አምና ግን ቆዳውን መቀሷ እምቢ አለች፤ ጫፏ ተሰበረ።»

«ያ እጅሽን ወደ ባርኔጣው የምትሰጂው...»

«ለማሳረፍ ነው፤ ትንሽ አነሣ ስታደርገው ደም ይዘዋወራል።» ሣቋ መጣ። «ሰዉ ግን ጨዋ ሴት ናት አለኝ። ምን ላድርግ፣ ተቀበልኩ።»

እሱ አልሣቀም። «ለምን አልነገርሽኝም?»

እታለም አንዲት ቡቃያ ዙሪያ ያለውን አፈር በሁለት ጣቷ ጠቅጠቅ አድርጋ ቆየች።

«የመጀመሪያውን ይዘህልኝ የመጣህ ቀን ትዝ ይልሃል? እዚህችው በር ላይ ቆመህ፣ ላብህ እየወረደ። ሳደርገው ፊትህን አየሁት። ትምህርቴን ስተው ያጣሁትን ነገር ያ ፊትህ መለሰልኝ። ከዚያ በኋላ ጠበበኝ፣ አመመኝ ማለት... ይከፋዋል ብዬ ተውኩት። አንዴ ስትተወው ደግሞ ነገር ይውላል፣ ያድራል፣ አሥር ዓመት ይሞላል።»

ባርኔጣ ሰፊው ወደ ሱቁ የተመለሰው በእግሩ ነው። መጀመሪያ የመጣበት ሐዘን አልነበረም፤ ቁጣ ነበር። ቢነግሩት ኖሮ ብሎ ተናደደ። ሰው እንዴት አሥራ አንድ ዓመት በገዛ ወንድሙ እጅ ይሰቃያል ብሎ ተናደደ። ከዚያ ሱቁን ሲከፍት ዓይኑ ትሪዋ ላይ አረፈ። ጨርቋ ላይ መነጽሮች ለዓመታት ያረፉበት ቦታ ሳስቶ ሁለት ክብ ምልክት ሆኗል። ቁጣው እዚያ ላይ አለቀ። ሁሉም ነግረውት ነበር፤ በየቀኑ መነጽራቸውን እፊቱ እያስቀመጡ።

በማግስቱ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ራሶቹን ሳይወለውል ቀረ። የመርፌ መነጽሩን ዓይኑ ላይ፣ ከመደርደሪያው ያነሣውን ባርኔጣ ራሱ ላይ አድርጎ ሥራ ጀመረ። ጫማ ሰፊው በር ላይ ቆሞ «ምነው፣ ቤትህ ውስጥ ዘነበ?» አለው።  አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጆሮ ግንዱ መሞቅ ጀመረ። ሲያጎነብስ ክፈፉ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ሰደደው። ባርኔጣውን ሲያወልቅ መነጽሩ አብሮ ተጎትቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። እስከ ምሳ ታገሠ፤ ከዚያ ሁለቱንም አውልቆ ራሱን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ። እታለም ይህን ተሸክማ ነው ቀኑን ሙሉ ስታርም የምትውለው።

ከሰዓት በኋላ ማዶ ያለው መነጽር ሠሪ ዘንድ ተሻገረ፤ የተሰበሩ ፍሬሞች እንዲሰጠው። መነጽር ሠሪው አንድ ካርቶን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣለት።

«ምን ልትሠራባቸው ነው?»

«ክንዳቸው የት እንደሚያርፍ ለማየት ነው።»

መነጽር ሠሪው አንድ የተጣመመ ፍሬም አነሣ። «በዓመት ስንት ሰው የመነጽሩ ክንድ ተጣሞ እንደሚመጣልኝ ታውቃለህ? ግማሹ ካንተ ሱቅ የወጣ ነው። እኔማ ተሻርከን የምንሠራ መስሎኝ፣ በየጊዜው ላመሰግንህ እያልኩ እረሳለሁ።»

«አንተም ዝም አልክ?»

«ገበያዬን ልዝጋ?» አለ መነጽር ሠሪው፤ ግን አፍሮ ካርቶኑን እስከ ሱቁ ድረስ ተሸክሞለት ሄደ።

አሁን ቀሪው ነገር ስምንተኛው ራስ ነበር። ከመደርደሪያው አውርዶ በጉልበቶቹ መካከል ያዘው። ሽማግሌው ይህን እንጨት ስንት ቀን እንደጠረቡት፣ ስንት ቀን በብርጭቆ ወረቀት እንዳለሰለሱት ያውቃል፤ በዓይኑ አይቷል። የእታለምን መነጽር ዓይነት ሰፊ ክንድ ያለው ስባሪ ፍሬም እላዩ ላይ አስቀመጠ። እንጨቱ ጆሮ ስለሌለው ፍሬሙ ተንሸራቶ ወደቀ። በእርሳስ የክንዱን መንገድ ከቅንድብ ቦታ እስከ ጆሮ ጀርባ አሰመረ። መሮውን አነሣ። ስለቱን መስመሩ ላይ አስደገፈ።

«ይቅር ይበሉኝ» አለ፣ ሽማግሌው የሚሰሙት ይመስል፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ፍቅፋቂ አነሣ።

ሞላላ ቦይ በግራ፣ ሞላላ ቦይ በቀኝ። ክንዶቹን ቦዩ ውስጥ በሙጫ አጣበቀና በላያቸው የጨርቅ ንጣፍ ጨመረ፤ ከእንጨቱ ትንሽ ብቅ ብለው ቀሩ፣ ልክ ሰው ራስ ላይ ብቅ እንደሚሉት። ስምንተኛው ራስ አሁን መነጽር አለው። ከአሥራ አንዱ ወንድሞቹ መካከል ብቻውን የሚያይ መሰለ።

በዚህ ራስ ላይ የሞከረው የመጀመሪያ ባርኔጣ አልሆነም። ከጆሮ በላይ ያለውን ጥብጣብ አስወግዶ በምትኩ የሚለጠጥ የሹራብ ጨርቅ አስገባ። ክንዱን አልነካውም፤ ግን ባርኔጣውን አድርጎ ወደ ግቢው ቢወጣ የመጀመሪያው ነፋስ ነጥቆ ጫማ ሰፊው ጣሪያ ላይ ጣለው። ጫማ ሰፊው በእንጨት አውርዶ ሲመልስለት «ይሄኛው የማን ልክ ነው፣ የወፍ?» አለው። ባርኔጣ ሰፊው ተቀምጦ አሰበ። ባርኔጣ መያዝ አለበት፤ ግን ለምን በዙሪያው ሁሉ ይይዛል? ግንባርና ማጅራት ላይ ቢይዝ ጎኖቹ ያርፋሉ። ከኋላ በኩል ላስቲክ አስገባ፤ ከፊት ግንባሩ ላይ በጥጥ የተሞላች ትንሽ ትራስ ሰፋ፤ ክፈፉም ከመነጽሩ አንድ ጣት ከፍ ብሎ እንዲነሣ፣ ሰው ሲያጎነብስ መስታወቱን እንዳይነካ፣ እንደ በረንዳ ጣሪያ ወጣ ብሎ እንዲያጠላ አደረገው። አሥራ አምስቱ ቀን ሊሞላ ሦስት ቀን ሲቀር ጨረሰ።

እታለም መጣች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከልማድ የተነሣ እጇ ወደ መነጽሯ ሄደ፣ ዓይኗ ትሪዋን ፈለገ። ትሪዋ መርፌና ቁልፍ ተሞልታ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ነበረች።

«አታውልቂ» አላት።

ባርኔጣውን አደረገላት። ወደ መስታወቱ ዞረች። መነጽሯ ዓይኗ ላይ ሆኖ በዚህ መስታወት ራሷን አይታ አታውቅም። ወደ መስታወቱ ቀረበች።

«አፍንጫዬ እንዲህ ነው እንዴ?» አለች።

«ሁልጊዜም እንዲያ ነው።»

«አንድ ሰው እንኳ አይነግረኝም?»

«በቤታችን መናገር የት ለምደን» አላት።

ጎንበስ አለች፣ ቀና አለች፣ ራሷን ወዲያና ወዲህ ነቀነቀች። ወለሉ ላይ ተንበርክካ እንደ አረም ነቃይ እጇን ሰደደች። መነጽሩ ከቦታው አልተነቃነቀም። ባርኔጣ ሰፊው ፊቷን ይመለከት ነበር፤ እሷም በመስታወቱ ውስጥ ፊቱን እንደምታይ አወቀ። ያ የድሮው ፊት እንደሆነ ታወቀው፤ ላቡ እየወረደ በር ላይ የቆመው ልጅ ፊት። ሊደብቀው ዞር አለ።

«እንዴት ነው?»

እታለም ተነሥታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠችና በቀኝ ጆሮዋ በኩል ጣቷን አስገባች።

«ግራው ደህና ነው» አለች። «ቀኙ ግን ከጀርባ በኩል ይቆረቁረኛል። ስፌቱ ይመስለኛል፤ ክንዱ ከሚታጠፍበት ላይ ነው ያረፈው።» ግንባሯን ነካ አድርጋ ጨመረች፤ «ትራሷም ወፍራለች። ላብ ትይዛለች።»

ባርኔጣ ሰፊው ዞሮ አያት። ከሠላሳ ስድስት ዓመት ወዲህ ስለ ሥራው ከአፏ የወጣ የመጀመሪያው ነቀፌታ ነበር። መነጽሩን ከክሩ ላይ አንሥቶ አደረገ፣ ባርኔጣውን ከራሷ ላይ ተቀበለ፣ ገለበጠው፣ መቀሱን አነሣ።

«የት ጋ?» አለ። «በጣትሽ አሳዪኝ።»

አሳየችው። እዚያው ፊቷ ላይ ፈታው። ሁለት ጊዜ አስለካት፤ ሁለት ጊዜ «አሁንም» አለችው፤ በሦስተኛው ዝም አለች፤ ዝምታዋ ግን የዱሮው ዝምታ እንዳልሆነ ለማረጋገጥ «ንገሪኝ» አላት። «አሁን ረሳሁት» አለችው። «ራሴ ላይ ያለም አልመሰለኝ።»

ችግኝ በሚወጣበት ቀን ባርኔጣ ሰፊው ሱቁን ዘግቶ እስከ ሽቦው አጥር ሄደ። ምንም የረሳችው ነገር አልነበረም፤ ምክንያት እንዲሆነው ባዶ የወረቀት ከረጢት ይዞ ነበር። መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ ሠራተኞቹ ሣጥን ያቀብላሉ። ኃላፊዋ በእጇ ወረቀት ይዛ በመደቦቹ መካከል ትመላለሳለች፤ እታለም ጋ ስትደርስ ቆም ብላ አንድ ነገር ጠየቀቻት፤ እታለም ቀና ሳትል መለሰችላት። ኃላፊዋ ወረቀቷ ላይ ምልክት አድርጋ ወደሚቀጥለው መደብ አለፈች።

አትክልተኛው አጥሩ አጠገብ ባርኔጣ ሰፊውን አየና ቱቦውን ይዞ ተጠጋ።

«ጋሼ ሜትር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እኔም መነጽር አለኝ፤ ኪሴ ውስጥ ነው የሚኖረው። እሷ ያላትን ዓይነት፣ ግን አናት የሌለው፣ ግንባር ላይ ብቻ የሚታሰር ጥላ ትሠራልኛለህ?»

«ና ነገ። መነጽርህን አድርገህ ና።»

«እህትህ ግን ክብር አጣች» አለ አትክልተኛው ወደ መደቡ እያየ። «ጠዋት ደህና አደርሽ ብላት እጇን እንኳ ወደ ባርኔጣዋ አልሰደደችም። ምን ነካት?»

ባርኔጣ ሰፊው ወደ እህቱ ዞረ። እታለም ከፀሐዩ ሥር ተንበርክካ ከመደቡ ጫፍ ጀምራለች። አንዷን ቡቃያ ታወጣለች፣ ሥሯን አይታ ወደ ሣጥኑ ታኖራለች፣ አረሙን ወደ ጎን ትጥላለች፣ ደግሞ ሌላዋን። እሱ ይቆጥር ነበር፤ ቡቃያውን ሳይሆን እጇን። ሙሉውን መደብ ጨርሳ እስክትነሣ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ራሷ አልሄደም።